ቢጫዋ መብራትና ፎቶኮፒ ያልተደረጉት ገጾች

ይህን ሥራ መጀመሪያ ያየሁት በመጽሐፍ መልክ አይደለም። አንድ ጋራዥ ውስጥ፣ ከመፍቻ ሳጥን ክዳን ሥር የተቀመጡ ሠላሳ የማይሞሉ የፎቶኮፒ ወረቀቶች ነበሩ። ጠርዛቸው በግሪስ ጠቁሯል፤ አንደኛው ገጽ ላይ የአውራ ጣት አሻራ እንደ ማኅተም አርፎበታል። የጋራዡ ባለቤት ወደ ሰባ የሚጠጉ አዛውንት ናቸው፤ ሠራተኞቹም ደንበኞቹም “ጋሼ” ነው የሚሏቸው። ወረቀቱን የሚያወጡት ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት የበራበት ሃይሉክስ ሲገባ ብቻ ነው። “የኤቢኤሷን አምጣ” ይሉታል ረዳታቸውን፤ መብራቷንም ወረቀቷንም በአንድ ስም ይጠሯቸዋል።

ሙሉው ሥራ የ2000ዎቹ ቶዮታ ሃይሉክስ የጥገና መመሪያ ነው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዳሰሳዬ የሚያተኩረው የፍሬን ክፍሉ ላይ፣ ከዚያም ውስጥ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይታሰር የሚጠብቀው ሥርዓት) ብልሽት ፍለጋው ላይ ነው። የጥገና መመሪያ ለሂስ ይቀርባል ወይ የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ይቀርባል። በአገራችን ጋራዦች ከዚህ የበለጠ የተነበበ፣ የተገለበጠና በተሳሳተ መንገድ የተጠቀሰ መጽሐፍ ስንት አለ?

ደራሲ የለውም። ሽፋኑም ውስጡም ላይ የሰው ስም ፈልጋችሁ አታገኙም። ድምፅ ግን አለው፤ ቁጥብና ትእዛዝ የለመደ ድምፅ። “ፈትሽ። ደህና ነው? ወደሚቀጥለው እለፍ። ደህና አይደለም? ጠግን ወይም ቀይር።” ቅጽል የለም፣ ማብራሪያ የለም፣ “ምናልባት” የሚል ቃል አንድም ቦታ አላየሁም። ይህ ቁጥብነት የሥራው ጥንካሬም ድክመትም ነው፤ ወደዚያው እመጣለሁ።

ፒክአፕና ኤቢኤስ ሲገናኙ ጉዳዩ ከቤት አውቶሞቢል ይለያል። ቦሽ የሠራው በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ኤቢኤስ በ1978 መርሴዲስ ኤስ ክላስ ላይ ሲገጠም አራቱንም ጎማ ነበር የሚጠብቀው። ፎርድ ግን በ1987 የኤፍ ሲሪዝ ፒክአፖቹ ላይ ሲያስገባ የኋላዎቹን ሁለት ብቻ መረጠ። ምክንያቱ ባዶ ካሶኒ ነው። ጭነት የሌለው ፒክአፕ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይደፋል፣ ኋላው ይቀላል፤ የቀለለ ጎማ ቶሎ ይታሰራል፤ የኋላ ጎማው የታሰረ መኪና ደግሞ ጅራቱን ይዞ ይዞራል። ብዙ ሃይሉክሶች ከኋላ አክስላቸው ጋር የተያያዘ፣ ጭነቱን እየለካ የኋላውን የፍሬን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ ያላቸውም ለዚሁ ነው። መመሪያው ቫልቩን በሌላ ገጽ፣ ኤቢኤሱን በሌላ ገጽ ያስቀምጣቸዋል። ሁለቱ አንድ ችግር ለመፍታት የተፈጠሩ ዘመዳሞች መሆናቸውን አይነግርም፤ እንዲህ ያለ ነገር መናገር ሥራው ነው ብሎ አያምንም።

ምዕራፉ የሚጀምረው ከመብራቷ ነው። ቁልፉ ኮንታክት ላይ ሲሆን ቢጫዋ ለሦስት ሰከንድ ያህል በርታ መጥፋት አለባት። ሳትጠፋ ከቀረች ብልሽት አለ። ጨርሶ ሳትበራ ከቀረችም ብልሽት አለ፣ ይላል። ያገለገለ ፒክአፕ የሚገዛ ሰው ሁሉ ይህን ሁለተኛውን ሐሳብ ቢያውቀው ስንቱ ደላላ ሥራ በፈታ! አምፖሏን አውጥቶ ዳሽቦርዱን መልሶ መግጠም የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የበለጠ የረቀቀው ደግሞ የኤቢኤሷን ሽቦ ከሌላ መብራት ጋር ያጣምረዋል፤ ሞተሩ ሲነሳ አብራ ትጠፋለች፣ ገዢውም ደስ ብሎት ይከፍላል።

መብራቷ በርታ ከቀረች መመሪያው ኮድ ወደ ማንበብ ይወስዳችኋል። ከመሪው ሥር ባለ አሥራ ስድስት ቀዳዳ ሶኬት አለ። 13ኛው ቀዳዳ ቲሲ ይባላል፣ 4ኛው ሲጂ፤ ሲጂ ማለት ቦዲ ነው፣ ኔጋቲቭ። ሁለቱን በሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን ኮንታክት ላይ ማድረግ ነው። መመሪያው ለዚህ የሚያዝላችሁ 09843-18040 የሚባል ቁጥር የተሰጠው ልዩ መሣሪያ ነው። ጋሼ የሚጠቀሙት ቀጥ ያደረጉትን አግራፍ ነው። ግድ የለም፣ ሁለቱም ሽቦ ናቸው። ግን 16ኛው ቀዳዳ ሁልጊዜ የባትሪ ፖዘቲቭ አለው፤ እሱን ከ4ኛው ጋር ያገናኘ ሰው ቢቀናው ፊውዝ ያቃጥላል፣ ባይቀናው ሌላ ነገር። የሶኬቱ ሥዕል ኦሪጅናሉ ላይ ግልጽ ነው፤ ፎቶኮፒው በተገለበጠ ቁጥር ግን ቁጥሮቹ ጥቁር ነጥብ ይሆናሉ። የጋሼ ወረቀት ላይ ቀዳዳዎቹ በሰማያዊ እስክሪብቶ በእጅ ተቆጥረዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ገጽ የሥራው ምርጥ ገጽ ነው። ቢጫዋ መብራት መናገር ትጀምራለች። ግማሽ ሰከንድ በርታ ግማሽ ሰከንድ ትጠፋለች፤ ይህ የአሥር ቤት ቁጥሩ ነው። ከዚያ ለአንድ ሰከንድ ተኩል ዝም፣ ቀጥሎ የአንድ ቤቱ። ሌላ ኮድ ካለ ሁለት ሰከንድ ተኩል ጠብቃ ትቀጥላለች። ምንም ኮድ ከሌለ ሳታቋርጥ ቶሎ ቶሎ፣ በሰከንድ ሁለቴ እኩል ትብለጨለጫለች። ኮምፒውተር የለ፣ ኢንተርኔት የለ፣ ክፍያ የለ። በስልክ የሚሠሩት ርካሽ ማንበቢያዎች አብዛኛዎቹ የሞተሩን ኮድ እንጂ የፍሬኑን አያነቡም፤ አንዲት አግራፍ ግን ታነበዋለች። አምራቹ ይህን በር ክፍት መተዉ በራሱ ለመካኒኩ የተደረገ አክብሮት ነው፤ በዛሬዎቹ መኪኖች ላይ እየተዘጋ ያለ በር።

ከ31 እስከ 34 ያሉት ኮዶች የጎማዎቹ ሴንሰሮች ናቸው፤ 31 የፊት ቀኝ፣ 32 የፊት ግራ፣ 33 የኋላ ቀኝ፣ 34 የኋላ ግራ። ከ11 እስከ 14 ሪሌዎቹ፣ 41 የባትሪ ቮልቴጅ ማነስ፣ 49 የፍሬን መብራት ስዊች መስመር፣ 51 የፓምፑ ሞተር። 41 ያየ ሰው ፍሬኑን ትቶ ዲናሞውን ቢያይ ይሻለዋል።

የራሴን ታሪክ እዚህ ላይ ላምጣው። ደብል ጋቢና ሃይሉክሴ አንድ ጋራዥ ውስጥ የፊት ኩሽኔታ ተቀየረላት፤ በሦስተኛው ቀን ቢጫዋ በራች። ማሽን ያለው ሌላ ቤት ወሰድኳት። ልጁ ሰካ፣ አየ፣ “ፓምፑ ሄዷል” አለኝ። የጠራልኝን ዋጋ ሰምቼ ለጥቂት ጊዜ መኪናዋን በሌላ ዓይን አየኋት። ጋሼ ጋ የደረስኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት ብልጭታ፣ ዝምታ፣ ሁለት ብልጭታ። ሠላሳ ሁለት።

ረዳቱ ክሪኩን ይዞ ሮጠና ከመኪናዋ ፊት ቆሞ በግራ እጁ በኩል ያለውን ጎማ ማንሳት ጀመረ። ጋሼ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣

“አንተ ልጅ፣ ግራ የሚባለው በሾፌሩ ነው ወይስ ባንተ?” አሉት።

ልጁ ክሪኩን አወረደ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በተሳሳተ ጎን የተቀየረ ደህና ሴንሰር ስንት እንደሆነ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚሸጡት ያውቁታል። መመሪያው ግን ቀኝና ግራ የሚለካው መሪው ላይ ከተቀመጠ ሰው መሆኑን ከኮዶቹ ሠንጠረዥ አጠገብ አንድ መስመር ጽፎ አያስታውስም። አንባቢው ያውቀዋል ብሎ ያስባል። ጎማ ሥር የተንበረከከ ሰው ግን ዓለምን የሚያየው ከተንበረከከበት ነው።

ሠንጠረዡ ከእያንዳንዱ ኮድ ትይዩ የሚጠረጠሩትን ቦታዎች ይዘረዝራል። ለ32 የፊት ግራ ሴንሰሩ፣ የሴንሰሩ መስመር፣ ጥርሳሙ ቀለበት፣ አገጣጠሙ፣ ኮምፒውተሩ ተጠርጣሪዎች ናቸው። አብዛኛው ሰው የሚያነበው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ሴንሰር ይገዛል። እዚህ ላይ መመሪያውን መውቀስ ይከብደኛል፤ አምስት ጽፎ እኛ አንዱን ብናነብ ጥፋቱ የማን ነው? ይልቅ የምወቅሰው ስለ ሴንሰሩ የሰጠውን ገለጻ ነው። የቆየው ዓይነት ሴንሰር ማግኔት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ነው፤ የብረት ጥርሶች በፊቱ ሲያልፉ ትንሽ ቮልቴጅ ይወልዳል። ጎማው በፈጠነ ቁጥር ቮልቴጁ ይጨምራል፣ ሲያዘግም ይቀንሳል፣ ሊቆም ሲል ከምንም አይቆጠርም። በጥርሱና በሴንሰሩ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት እንኳ ከሰፋ ምልክቱ ይደክማል። ያለቀ ኩሽኔታ ቀለበቱን ያወዛውዛል፣ ዝገት ሴንሰሩን ከቦታው ይገፋል፣ የብረት ብናኝ ማግኔቱ ላይ ይሰበሰባል። ሦስቱም ያው ኮድ ይሰጣሉ። ይህ እውቀት ካለህ ሠንጠረዡ ሕይወት ይዘራል፤ ከሌለህ የመለዋወጫ ዝርዝር ነው። መመሪያው ለዚህ ገለጻ የሰጠው ጥቂት መስመርና አንድ የሞገድ ሥዕል ብቻ ነው። ኋላ የመጣው በኤሌክትሪክ የሚመገበው ሴንሰር ደግሞ በኦም አይለካም፤ በድሮው ልማድ ቴስተር የሰካበት ሰው የሚያነበው ቁጥር ምንም አይነግረውም።

ወደ መኪናዬ ልመለስ። ጋሼ የሴንሰሩን ሶኬት ነቅለው ቴስተሩን ኦም ላይ አደረጉ። ከአንድ ኪሎ ኦም ትንሽ አለፍ ይላል፤ ደህና። ወረቀቱ ወደሚቀጥለው እለፍ ይላል። ከሶኬቱ እስከ ኮምፒውተሩ ያለው ሽቦ ተለካ፤ ደህና። ቦዲ ነክቶ እንደሆነ ታየ፤ አልነካም። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ሴንሰሩ በደንብ ተቀምጧል። ከዚህ በኋላ የመመሪያው የፍተሻ መሰላል ያልቃል። የመጨረሻው እርከን ላይ የተጻፈው ኮምፒውተሩን ቀይር የሚል ነው፤ በእኔዋ ላይ ኮምፒውተሩ ከፓምፑ ጋር አንድ አካል ነው። ማሽን የያዘው ልጅ መመሪያውን ገልጦ ሳያይ የተናገረውን ፍርድ መመሪያውም ደረጃ በደረጃ ሄዶ ደረሰበት። ልዩነቱ መመሪያው የግማሽ ሰዓት ድካም ማስከፈሉ ነው።

ይህ የሥራው ዋና ጉድለት ነው፣ በእኔ ግምት። ማስወገድን ማረጋገጫ ያደርገዋል። ሌሎቹ ሁሉ ንጹሕ ከሆኑ የቀረው ጥፋተኛ ነው ይላል። ይህ የሚሠራው ብልሽቱ በምትለካበት ሰዓት እዚያው ካለ ነው። የሽቦ ብልሽት ግን ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ኮዱ ትናንት ጉድጓድ ላይ የተመዘገበ፣ ልኬቱ ዛሬ ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ላይ የተደረገ ነው።

ጋሼ ቴስተሩን ወደ ሴንሰሩ ሶኬት መልሰው ረዳቱን መሪ ላይ አስቀመጡት። “ወደ ቀኝ፣ እስከ መጨረሻው።” ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም። “አሁን ወደ ግራ።” መሪው ሊያልቅ ሲል ቁጥሩ ጠፋ፣ ቴስተሩ ባዶ መስመር አሳየ። መለስ ሲል ቁጥሩ መጣ። በጣታቸው ሽቦውን ተከትለው ሄዱ። ኩሽኔታው ሲቀየር ሽቦውን የሚይዘው ክሊፕ ሳይመለስ ቀርቷል፤ ሽቦው ጎማው በዞረ ቁጥር እየተሳበ ከላይ ልባሱ ደህና ሆኖ ከውስጥ መዳቡ ተበጥሷል። እጥፋቱ ላይ ሲነኩት ልክ እንደ ባዶ ስትሮ ልፍስፍስ ይላል። ተቆረጠ፣ ተበየደ፣ በሽፋን ተጠቀለለ፣ ክሊፕ ተገኘለት። የተከፈለው ገንዘብ ከተጠራው ፓምፕ ጋር ሲወዳደር የምሳ ነው።

ታዲያ ቶዮታ ይህን አያውቅም ነበር? ያውቃል፤ ጽፎታልም። ሙሉውን መመሪያ አግኝቼ ሳነበው የገረመኝ ይህ ነው። ከፍሬን ምዕራፉ ብዙ መቶ ገጽ ቀድሞ፣ መግቢያው ውስጥ፣ የሚመጣና የሚሄድ ብልሽትን ሆን ብሎ ስለ መቀስቀስ የሚያስረዳ ክፍል አለ። ሽቦውን ቀስ አድርጎ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማወዛወዝ፤ የተጠረጠረውን ዕቃ በሙቀት መፈተን፤ በዝናብ ለሚነሳ ብልሽት ውሃ መርጨት። ከደንበኛው ምን እንደሚጠየቅ ሳይቀር አለ፤ መቼ ጀመረ፣ በምን ዓይነት መንገድ፣ ከምን ጥገና በኋላ። “ከምን ጥገና በኋላ” የሚለውን ማሽን የያዘው ልጅ ቢጠይቀኝ ኖሮ ኩሽኔታውን እነግረው ነበር። መጽሐፉ ጥበቡን መግቢያው ላይ፣ ትእዛዙን ምዕራፉ ላይ አስቀመጠ፤ ጋራዥ ውስጥ የሚገለበጠው ደግሞ ምዕራፉ ብቻ ነው። መኪናው ክሪክ ላይ ቆሞ መግቢያ የሚያነብ ማን አለ? የሥራው አዘጋጆች አንባቢያቸው ከፊት ገጽ ጀምሮ ወደ ኋላ እንደሚሄድ አድርገው አስበዋል። የጥገና መጽሐፍ ግን እንደዚያ አይነበብም፤ ብልሽቱ በከፈተው ገጽ ነው የሚነበበው። በእያንዳንዱ መሰላል መጨረሻ፣ ቀይር ከሚለው ትእዛዝ በፊት፣ አንድ መስመር ወደ መግቢያው ብትመልስ ስንት ፓምፕ ይተርፍ ነበር።

ሁለተኛው የተቀበረ ነገር የሙከራ ስልቱ ነው። 12ኛውን ቀዳዳ፣ ቲኤስ የሚባለውን፣ ከ4ኛው ጋር አገናኝቶ ሞተሩን ማስነሳትና ቀጥ ባለ መንገድ መንዳት ነው። ኮምፒውተሩ በዚህ ጊዜ የሚፈርደው በጠፋ ምልክት ላይ ብቻ አይደለም፤ የደከመውን ከ71 እስከ 74፣ ያልተስተካከለውን ከ75 እስከ 78 ባሉት ኮዶች ይመዘግባል። ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ለመረዳት ወደ አሜሪካ መሻገር ያስፈልጋል። ጄኔራል ሞተርስ በ2005 ከ1999 እስከ 2002 ሞዴል የሆኑ ፒክአፖችንና ትልልቅ መኪኖችን፣ ወደ 800 ሺህ የሚጠጉ፣ በ14 ቀዝቃዛ ግዛቶች ውስጥ ለጥገና ጠርቷል። ክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ከፊት ሴንሰሩ ሥር ዝገት አበቀለ፣ ዝገቱ ሴንሰሩን አነሳው፣ ክፍተቱ ሰፋ። መኪናው ሊቆም በዝግታ ሲሄድ ምልክቱ ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩ ጎማው ታስሯል ብሎ ፍሬኑን ይለቀዋል። ሾፌሩ ፔዳሉ ሥር መንቀጥቀጥ ይሰማዋል፣ መኪናው ግን ሊቆም ካሰበበት አልፎ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ብዙ ጊዜ መብራት አይበራም።  መብራት የሌለው የኤቢኤስ ብልሽት መብራት ካለው ይበልጥ የሚያስፈራውም ስለዚህ ነው፤ የሙከራ ስልቱ የተሠራው ለእንዲህ ያለው ነው። በእኛ ጋራዦች ግን ሲደረግ አይቼ አላውቅም። የጋሼ ፎቶኮፒ ውስጥም የለም።

የማይቀር ሌላ ገጽ አለ፤ ይኼኛው ሁሉም ፎቶኮፒ ውስጥ አለ። 13ኛውንና 4ኛውን ቀዳዳ የሚያገናኘው ሽቦ እንደተሰካ፣ ቁልፉ ኮንታክት ላይ ሆኖ፣ የፍሬን ፔዳሉን በአምስት ሰከንድ ውስጥ ስምንት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ መርገጥ። ኮዱ ይሰረዛል። ለተጠገነ መኪና የተጻፈ ነው፤ በተግባር ግን ሳይጠግኑ መብራት ማጥፊያ ሆኗል። ስምንት ጊዜ ሲረግጡ ያየ ሰው ጸበል የሚረጩ ይመስለዋል። የሽቦ ብልሽት ከሆነ ለሁለት ቀን ይጠፋል፣ መኪናው ባለቤቱ እጅ ይገባል፣ ክፍያው ይፈጸማል፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ቢጫዋ ተመልሳ ትመጣለች። መመሪያው ማጥፊያውን ከማንበቢያው ቀጥሎ ማስቀመጡ ለሥርዓት ሲባል ልክ ነው፤ ለፈተና ሲባል ግን ቅርብ ሆኖብኛል።

በቀይዋ የፍሬን መብራት ላይ ግን ምስጋናዬን ልስጥ። ቢጫዋ ብቻዋን ስትበራ ተራው ፍሬን ይሠራል፣ የጠፋው ጎማ እንዳይታሰር የሚጠብቀው ብቻ ነው። ኢቢዲ ባላቸው ሞዴሎች ላይ ቢጫዋና ቀይዋ አብረው ከበሩ ግን የፊቱንና የኋላውን ግፊት የሚያመጣጥነው ኢቢዲም ቆሟል ማለት ሊሆን ይችላል። ቀይዋ የእጅ ፍሬን ሲያዝና የፍሬን ዘይት ሲጎድልም ስለምትበራ መመሪያው መጀመሪያ ዘይቱንና የእጅ ፍሬኑን ያስፈትሻል። አጭርና ልክ ነው። ፒስታ ላይ ግን ዝም ይላል። ልቅ ጠጠር ላይ የታሰረ ጎማ ፊቱ ጠጠር ቆልሎ ይቆማል፤ ኤቢኤስ ያንን ስለማይፈቅድ መኪናው ይበልጥ ይንሸራተታል። ይህን የሚያስጠነቅቀው ጓንት ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠው የባለቤት መመሪያ ነው። “ፍሬኑ አይዝም፣ ይንቀጠቀጣል” ብሎ ከገጠር የመጣ ሾፌር ጋራዥ ሲደርስ የሚገጥመው ደግሞ የጥገና መመሪያው ነው፤ ሁለቱ መጻሕፍት አይተዋወቁም። ፒስታ ላይ ሲሆን ፊውዙን የሚነቅሉ ሾፌሮች አውቃለሁ፤ አስፋልት ሲደርሱ የሚመልሱት ግን ጥቂቶች ናቸው።

የመግቢያውን ገጾች አሳትሜ ለጋሼ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አዩ። ሽቦ የሚያወዛውዘው እጅ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። የውሃው ሥዕል ላይ ሲደርሱ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ውሃ በቀጥታ ኮምፒውተሩና ሶኬቶቹ ላይ እንዳይረጭ፣ ከራዲያተሩ ፊት እየረጩ እርጥበቱን ብቻ እንዲያደርሱት ነው የሚለው፣ አልኳቸው። ረዳታቸውን ዞር ብለው አዩት። ልጁ ፈገግ አለ፤ ጥግ ላይ ካለው በርሜል አጠገብ ወደተንጠለጠለው ባለ ሁለት ሊትር ጆግ እያየ።

“እኛ እኮ በዚያ ነው የምናፈስበት” አሉኝ፤ ገጾቹንም ከኤቢኤሷ ፊት አስቀድመው ክዳኑ ሥር ከተቷቸው።